የአውሮፕላን ቤት ማሸግ

በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሥራ ወንበር መንቀል ነበር። ጋሼ ይርጋ ካቻቢቴና አንድ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ሰጡኝና «ብሎኑን ፍቺ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ጣይ፣ ወንበሩን ለሙላት አቀብዪ» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አውሮፕላን ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ስለነበር ጫማዬን ደጃፉ ላይ አወለቅሁ። አያ ሙላት አይቶኝ ሳቀ።

«ቤተ ክርስቲያን መሰለሽ እንዴ? አድርጊው፣ ብረት ይቆርጥሻል» አለኝ።

ግቢያችን ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ነው፤ ዙሪያው በቆርቆሮ የታጠረ። ጋሼ ይርጋ አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። መብረር ያቆመ አውሮፕላን ቀፎውን ይገዛሉ። ክንፉና ጭራው ተቆርጦ በሎቤድ መኪና ተጭኖ ይመጣል፤ እኛ ቤት እናደርገዋለን። የከተማው ሰው መጀመሪያ ስቆባቸው ነበር። የመጀመሪያውን ቤት ሠርተው ራሳቸው ሲገቡበት ግን የሳቀው ሁሉ ሊጎበኝ መጣ።

እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ትምህርቴ አበቃና ንፋስ መውጫ አክስቴ ዘንድ መጣሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ስጠራ እንኳ «አቤት» የምለው ለራሴ ነው። ይህን የምጽፈውም ጋሼ «ለሚመጡት ሠራተኞች ጻፊላቸው፤ በአፍሽ ካልሆነልሽ በእጅሽ» ስላሉኝ ነው።

በግቢው ሦስት ዓይነት ሠራተኛ አለ። ነቃይ፣ በያጅና አሻጊ። ነቃይ ወንበሩን፣ ምንጣፉንና የውስጡን ግድግዳ ያወጣል። ከግድግዳው ጀርባ ጥጥ የሚመስል ቢጫ ነገር አለ፤ እሱ ሲነካ አንገትና ክንድ ያሳክካል። የመጀመሪያ ሳምንት በሙቅ ውኃ ታጠብኩና ሌሊቱን ሙሉ ስታከክ አደርኩ። በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ እንዳለብኝ ያስተማረኝ አያ ሙላት ነው። እሱ በያጅም የሠራተኞች አለቃም ነበር።

ከወንበሮቹ ሥር ብዙ ነገር አገኝ ነበር። ማበጠሪያ፣ የሕፃን ካልሲ፣ የማላውቀው አገር ሳንቲም። ሁሉንም ለጋሼ አስረክብ ነበር። ጋሼ ብሎኖቹን ቆጥረው አንድ እንኳ ሳይጎድል ሲያገኙ «ስንዱ እጇ ይታመናል» አሉ። ከስድስት ወር በኋላ ወደ ማሸግ አዛወሩኝ።

ማሸግ ማለት ቀዳዳ መድፈን ነው። አውሮፕላን ሽቦው፣ ቱቦውና መሣሪያው ሲወጣለት ገላው ወንፊት ይሆናል። ትልቁን ቀዳዳ በያጁ ላሜራ ቆርጦ ይከድነውና በሪቬት ሚስማር ይመታዋል። ዙሪያውን እኔ ሲልከን በሚባለው ማሸጊያ ሙጫ እሞላለሁ፤ ጣቴን በሳሙና ውኃ ነክሬ አስተካክላለሁ። ሲልከኑ ቶሎ ስለሚደርቅ እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም። የእኔ አፍ ይንቀጠቀጣል እንጂ እጄ አይንቀጠቀጥም።

ሲያልቅ የጭስ ፈተና አለ። እርጥብ ገለባና ኩበት በቆርቆሮ አቀጣጥለን ውስጥ አስቀምጠን በሩን እንዘጋለን። ከዚያ በውጭ እየዞርን ጭስ የሚያመልጥበትን በጠመኔ እናከብባለን። የተከበበውን እንደገና አሽጋለሁ።

እኔ ባሸግሁት የመጀመሪያ ቤት ጭሱ ከወጣ በኋላ የቀረ ቀዳዳ ካለ ልይ ብዬ ብቻዬን ገባሁ። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ፍም ብቻ ነበር፤ ንፋስ የሚገባበትን ለመስማት በሩንም ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቶ ራሴን ጨመቀኝ። ለመውጣት ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝ። ጋሼ በመስኮቱ አይተውኝ ኖሮ ጎትተው አወጡኝ። ሳር ላይ አስተኝተውኝ፣ ካስታወክሁ በኋላ ቁጭ ብለው አስረዱኝ።

«በእኛ አገር ቤት የፍሙ ክፋት በሣሩና በግድግዳው ስንጥቅ ይወጣል፤ ማንም አስቦበት አይደለም። ይሄ ግን ሰማይ ላይ አየር እንዳያመልጠው ተብሎ የተሠራ ነው። ሲበር አየር የሚያስገባለት ሞተሩ ነበር፤ አሁን ሞተር የለውም። ጭስን አይተሽ ትሸሺዋለሽ። የከሰል ክፋት ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ አስተኝቶ ይገድላል።»

ስለዚህ በእያንዳንዱ ቤት ሁለት ቀዳዳ እንከፍታለን፤ አንዱ በበሩ ሥር፣ አንዱ በጭራው በኩል ከላይ። ጋሼ ዙሪያቸውን በቀይ ቀለም ያከብባሉ። ቀይ የተቀባ አይታሸግም። የግቢው ሕግ ይህ ነው።

ሦስተኛ ያሸግሁትን ቤት ያዘዘው አቶ ጌትነት የሚባል የእህል ነጋዴ ነው። ያዘዘውም ለእናቱ ነበር። እማማ የሺ ከአርብ ገበያ ከተማ ወዲያ ገጠር ይኖሩ ነበር። ጉልበታቸው ታሞ ዳገት መውጣት ስላቃታቸው ከተማ ሊያመጣቸው ፈለገ። ቀፎው ገና ባዶ ሳለ ሊያሳያቸው አመጣቸው። በምርኩዛቸው ላሜራውን ኳ ኳ አደረጉና «ሳልሞት ወደ ሰማይ ልትሰደኝ ነው፣ ጌትዬ?» አሉት። ሁላችንም ሳቅን። እኔን አገጬን ይዘው «ይቺ ቀጫጫ ናት የምትሠራልኝ?» ብለው ጠየቁ። አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ጋሼ ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ ሄዱ። በዚያው ሰሞን መብራት ጠፋ። ስልክም አይሠራም ነበር። ቤቱ ከንፋስ መውጫ ዳር አቶ ጌትነት በገዛው ቦታ ላይ ተተክሏል። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገር ነበር።

አቶ ጌትነት ቤቱን ሊረከብ መጥቶ በሩ ሥር ወዳለው ቀዳዳ እጁን ዘረጋ። «በዚህ የሚገባው ንፋስ ሻማ ያጠፋል። እናቴ ደረቷ ደካማ ነው። ድፈኑልኝ» አለ። አያ ሙላት እሺ አለው።

አቶ ጌትነት ከሄደ በኋላ አያ ሙላትን ጋሼ ክፍት ይሁን ማለታቸውን አስታወስኩት። አልተቆጣም።

«ጋሼ የሉም። ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራቱም ሰሞኑን ይመለሳል፤ ከምኑ ነው ጭስ የሚመጣው? ደግሞ የሚያድሩበት እነሱ ናቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም» አለ።

ነገሩ እውነት መሰለኝ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሁለቱንም በላሜራ ከድኜ አሸግሁ፤ ቀዩን ቀለም በነጭ ቀባሁት። የጭስ ፈተና አደረግን። አንድ ክር ጭስ አልወጣም። አያ ሙላት ሁለቴ ዞሮ አይቶ «እጅሽ ይባረክ፣ ጉንዳን እንኳ መውጫ የለው» አለኝ። ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ መደበቅ አልፈልግም።

እማማ የሺ የገቡት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ቄሱ ጠበል ረጩ፤ ዘመድ ተሰበሰበ። እኔ ወለል ለመወልወልና የበሩን አከፋፈት ለማሳየት ተጠርቼ ነበር። የአውሮፕላን በር እጀታው በጉልበት ቢስቡት አይከፈትም፤ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ከዚያ ይዞራል። ይህን ለእማማ የሺ ልጅ ለእታገኝ በእጄ አሳየኋት። አብራቸው የምታድረው እሷ ነበረች።

ከዚያ እማማ የሺ ከመኪና ወረዱ። በሁለት እጃቸው የሸክላ ምድጃ ታቅፈዋል። በእሳቸው ወገን ሴት ቤት ስትለቅ የአሮጌውን ቤት እሳት ይዛ ነው አዲሱ ቤት የምትገባው። ፍሙን በአመድ ዳፍነው፣ ምድጃውን በእግራቸው መሀል ይዘው ከአርብ ገበያ ወዲያ ጀምሮ በመኪና መጥተዋል። እታገኝ ልትቀበላቸው እጇን ስትዘረጋ «ተይ፣ እኔው ነኝ የማገባው» አሏት። ከጆንያ ከሰል ጨምረውበት እፍ ሲሉት ፍሙ ቀላ። መብራት ስለሌለ ሰው ሁሉ እሰይ አለ። ቤቱ ሊሞቅላቸው ነው።

እኔ በሩ አጠገብ መወልወያ ይዤ ቆሜያለሁ። በአጠገቤ ሲያልፉ «እማማ፣ እሳቱ ውጭ ይደር» አልኩ።

ቆም አሉ። «ምን አልሽ ልጄ? ጆሮዬ ከብዷል፣ ጮክ በይ።»

ቄሱ ዘወር አሉ። አቶ ጌትነት፣ ዘመዱ ሁሉ ዘወር አለ።

«እንኳን ደስ ያለዎት ነው ያልኩት» አልኩ።

«አሜን። ለአንቺም የራስሽን ቤት ይስጥሽ» አሉኝና ገቡ።

ለአያ ሙላት ልነግረው ፈለግኩ፤ ከሰዎች ጋር እየጠጣ ነበር። ለእታገኝ ልነግራት ፈለግኩ፤ እንግዳ ታስተናግዳለች። ሲተኙ ያወጡታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መወልወያዬን አጥቤ ወደ አክስቴ ቤት ሄድኩ።

ጠዋት የአቶ ጌትነት ሾፌር በሩ አልከፈት አለ ብሎ ግቢያችን ድረስ መጣ። ከአያ ሙላት ጋር በመኪናው ሄድን። ሰው በድንጋይ በሩን ይደበድባል። እጀታውን ገፍቼ አዞርኩት፤ እንደ ሌላው ቀን በቀላሉ ተከፈተ። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ጭስ አልነበረም፤ ሽታም አልነበረም።

እታገኝ ወለሉ ላይ ከበሩ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ወድቃለች፤ ትተነፍስ ነበር። እማማ የሺ አልጋቸው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ጉንጫቸው እንደ ጤነኛ ቀልቷል። እጃቸውን ስይዘው ደርቋል።

እታገኝ ተርፋለች። ዛሬ ግን ሰው ደግፏት ነው የምትሄደው፤ አሁን የነገሯትን አሁን ትረሳለች። እናቴ የት ሄዱ እያለች ትጠይቃለች።

ለቅሶው ላይ ሰው የየራሱን አወራ። አንዳንዱ ዕድሜ ነው አለ። አንዳንዱ አውሮፕላኑ ውስጥ የሞተ ሰው ነበር፣ መንፈሱ ነው አለ። አያ ሙላት ይህን ወሬ አልተቃወመም። ከድንኳኑ ኋላ ወስዶ እጄን ያዘኝ።

«ስንዱ፣ አንቺ ዝም ማለት ታውቂበታለሽ። አሁንም እወቂበት። እኔ የልጆች አባት ነኝ።»

ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ።

ጋሼ አንድ ዓይናቸው እንደተሸፈነ ተመለሱና የሆነውን ሰምተው በቀጥታ ወደዚያ ቤት ሄዱ። እኔና አያ ሙላት ተከተልናቸው። ጭራው ጋ መሰላል ላይ ወጥተው ነጩን ቀለም በጣታቸው ዳሰሱት።

«ማን ነው ያሸገው?»

አያ ሙላት መሬት መሬት ያያል።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ።

«ቀዩን አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ።»

ዳርና ዳሩን ደግመው ዳሰሱት። «በደንብ ነው ያሸግሽው» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከመሰላሉ ሲወርዱ ስለ ምድጃው ነገርኳቸው። እማማ ጮክ በይ ማለታቸውን፣ እኔም ያልኩትን ነገርኳቸው። ጋሼ «ይህን ለልጃቸው ትነግሪዋለሽ። ከዚያ ለፖሊስ ትነግሪያለሽ። አብሬሽ እሄዳለሁ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ» አሉ። አያ ሙላት በማግሥቱ ወደ ሥራ አልመጣም። ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ መሄዱን ሰማን።

አቶ ጌትነትን መጋዘኑ ደጃፍ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ድምፄ እየተቆራረጠ ሁሉንም ነገርኩት። ጋሼ አንድ ቃል አላገዙኝም። ስጨርስ አቶ ጌትነት መሬቱን እያየ «ድፈኑልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ። ቆይቶ ቀና አለ።

«እሳቱ ሲገባ እንደሚገድል ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በዚያ ሁሉ ሰው መሀል የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ?»

«አዎ።»

ሊመታኝ መስሎኝ ነበር። አልመታኝም። ተነሥቶ ወደ መጋዘኑ ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋ። ከዚያ ለፖሊስም ያንኑ ተናገርኩ፤ ቃሌን ጽፈው ሸኙኝ። አቶ ጌትነት ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ ወደ ማዶ ይሻገራል።

ጋሼ አላባረሩኝም። ለምን እንዳላባረሩኝ አልጠየቅሁም። አሁን በእያንዳንዱ ቤት ሁለቱ ቀዳዳዎች ላይ ወፍራም የብረት ቱቦ ይበየዳል፤ በሲልከንም በላሜራም አይደፈንም። ርክክቡን የማደርገው እኔ ነኝ። የሚገባውን ሰው፣ አብረውት የሚያድሩትንም አስቀምጬ ቱቦዎቹን አሳያለሁ፤ ከሰል እንደማይገባ እናገራለሁ፤ ያልኩትን መልሰው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል፤ አንዳንዱ ይህቺ ልጅ ምን ሆና ነው የምትንቀጠቀጠው ይላል። መንቀጥቀጡ አልተወኝም።

ለሚመጡት ሠራተኞች የምለው ይህን ነው። የሚያድርበት ሰው ምን ሊገድለው እንደሚችል ሳይሰማ ቁልፍ አትስጡ። መስማቱን ካላረጋገጣችሁ አልነገራችሁትም።