እትዬ ዘሃራ እና የራሔይታው ሐይቅ

ባለፈው ዓመት ልጆቼ አብያታ ሐይቅ ዳር ሲያወርዱኝ ያ የጨው ጭቃ ሽታ አፍንጫዬን መታው። እነሱ ፍላሚንጎ ፎቶ ለማንሳት ይሯሯጣሉ፤ እኔ ግን በሐሳብ ልጅነቴ፣ አሰብ ገብቻለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ትዝ አለችኝ፤ እሷ እንደምትለው፣ አላህ ይርሐማት!

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነው። አባቴ ወደብ ላይ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። እትዬ ዘሃራ ከአጥራችን ማዶ የምትኖር፣ የፍየል ወተት የምትሸጥ አፋር ናት። በጭስ የታጠነው የወተት ዕቃዋ ሽታ ቀድሟት በር ይደርስ ነበር። ሳቋም ቁጣዋም ትልቅ ነው።

እኔ ተብታባ ነበርኩ። በላይነሽ የሚለውን የገዛ ስሜን እንኳ ከ«በ» አላሻግረውም። የሹፌርና የረዳት ከተማ አይደል፣ የሰፈሩ ልጆች «ባትሪዋ አልቋል፣ ግፏት!» እያሉ ጀርባዬን ይገፉኛል። ቤት ስገባ ደግሞ አባዬ አንጀቱ አልችል እያለው ቃሉን ከአፌ ነጥቆ ይጨርስልኛል። ታክቶኝ ጭራሽ ዝም አልኩ። እሱም ጨነቀውና ደሴ ሄጄ፣ ጠበል እየተጠመቅኩ አክስቴ ቤት እንድኖር ቆረጠ። ለሚወስደኝ የጭነት መኪና ሹፌርም ተነገረው። አክስቴን በመልክም አላውቃትም፤ እናቴን ትቼ መሄዱ ሞት ሞት ሸተተኝ።

እትዬ ዘሃራ ይህን ስትሰማ «እሺ ትሂድ፤ ግን መጀመሪያ የአገሬን ወፎች ትይ» ብላ ከአሰብ ወደ ደቡብ፣ ራሔይታ መንደር ወንድሟ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። እዚያ ከባሕሩ ጎን የታቆረ ጨዋማ ሐይቅ አለ። ጠዋት ጠዋት ዳሩ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ፍላሚንጎዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ጭቃውን ያጣራሉ፤ ሚዳቋዎች ጆሯቸውን አቁመው ያልፋሉ። አንድ ቀን አንድ አባወራ ሰጎን ጫጩቶቹን አስከትሎ መጣ። ወዲያው ቀበሮ ብቅ አለ። ሰጎኑ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ክንፉን መሬት ለመሬት እየጎተተ፣ የተሰበረ መስሎ፣ ቀበሮውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞት ሄደ!

ጎጆው ስንመለስ የእትዬ ዘሃራ ወንድም፣ ሽማግሌው ሁመድ፣ አስቀመጠን። አፋር ከመንገድ የመጣን ሰው ያየውን ሳይጠይቅ አያሳልፍም፤ ዳጉ ይሉታል። ተናጋሪው እስኪጨርስ አፍ አይከፈትም፤ ማቋረጥ ነውር ነው።

«እኔ ፍየል ሳልብ ነበር፤ ያየችው እሷ ናት» አለችው እትዬ ዘሃራ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። «ሰ… ሰ… ሰ…» አልኩና ላብ አጠመቀኝ። የሚስቅም የሚያግዘኝም የለም። ቃሉ ሲወጣ እሷ ወደ አፋርኛ ትመልሳለች፤ ሳይወጣ ሲቀር ሁለቱም ይጠብቃሉ። የጎጆው ጥላ ፈቀቅ ሲል ጨረስኩ።

«ጫጩቶቹስ ተረፉ?» ብሎ በእሷ በኩል ጠየቀኝ።

«ተ… ተረፉ።»

እንዴት ደስ አለው መሰላችሁ! እኔማ ደስታው አላስተኛ አለኝ።

አሰብ ስንመለስ ባለ ተሳቢው መኪና ደጃችን ቆሟል። ረዳቱ ሻንጣዬን ጭኖ ጨርሷል። ሮጬ አባዬ ጋ ደረስኩና «አ… አባዬ፣ ሰ… ሰ…» አልኩ።

«ሰላም ነን፣ ሰላም ነን፤ በይ መኪናው ላይ ውጪ» አለኝ።

«አቶ ታደሰ!» ብላ ጮኸችበት እትዬ ዘሃራ። «ነውር ነው! መኪናው ይቆይ፤ አንተ ተቀመጥና ስማ።»

ደጅ የነበረ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሹፌሩ ጥሩንባውን ያስጮሃል፤ እኔ እንተባተባለሁ። ሰጎኑ ክንፉን የጎተተበት ጋ ስደርስ አባዬ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ ከዚያ ረዳቱን «ሻንጣዋን አውርድልኝ» አለው።

መተባተቡማ ዛሬም አለ፤ ልጆቼን ጠይቋቸው። እትዬ ዘሃራ በዓመቱ አረፈች። አባዬ ግን እስኪሞት ድረስ ሻሂው እጁ ላይ እየቀዘቀዘ፣ እኔ እስክጨርስ ይጠብቀኝ ነበር።