ግድግዳዋን የምትቆርጥ ባክቴሪያ

ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ቀን ከየክፍሉ አንድ ተማሪ ብቻ ነው የሚቀርበው። እኔ ደግሞ በጣም ፈልጌው ነበር፤ እንዳልፈለገ ሰው መምሰል እስኪያቅተኝ ድረስ። የባዮሎጂ መምህራችን «ሰኞ ክፍል ውስጥ አስረጂና እናያለን» አሉኝ። ርዕሴ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ነበር።

እንባችን ውስጥ፣ የእንቁላል ነጩም ውስጥ እንዲህ ያለ ኢንዛይም አለ፤ የባክቴሪያዋን ግድግዳ ይበጥስና ያፈነዳታል። ይሄ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ባክቴሪያዋ ራሷም እንዲህ ያሉትን መሥራቷ ነው። የራሷን ቤት የሚያፈርስ ምን ያደርግላታል? መጽሐፉንም ስልኬንም አገላበጥኩ፤ ቃሉን ሸመደድኩት እንጂ ነገሩ አልገባኝም። የወንበር ጓደኛዬ «አንድ ጥያቄ ከጠየቁሽ አለቀልሽ» አለችኝ። ቦታውን እሷም ትፈልገው ስለነበር ፈገግ ብላ ነው ያለችው።

ሐሙስ ትምህርት አልነበረንም። ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ጅጋ ደረስኩና በእግሬ ወደ አጎቴ ቤት ወጣሁ። አጎቴ ቤታቸውን በአንድ ክፍል ሊያሰፉ ደቦ ጠርተው ነበር። እዚያ ሰፈር የድሮው ግድግዳ የሚነካው አዲሱ ቋሚ ተተክሎ ጣራው ከተደገፈ በኋላ ነው፤ የመጀመሪያዋን ማገርም ባለቤቱ ነው የሚቆርጠው። ጠላ የሚቀርበው ከዚያ ወዲያ ነው።

የዚያን ቀን ግን የአጎቴ ሚስት ሰዉ በጠዋት መጣልኝ ብለው ጠላውን አስቀደሙት። አጎቴ ገና ጉድጓድ ሲቆፍሩ አንዱ ጎረቤት ሞቅ ብሎት በመጥረቢያ ግድግዳውን ከፈተው። ጣራው ሲጥ ብሎ አዘነበለ። አራት ሰዎች ዘለው በትከሻቸው ያዙት።

«ማነው ቁረጥ ያለህ?» አሉ አጎቴ ከጉድጓዱ ቀና ብለው።

«ጠላው ነዋ፣ ጋሼ» አለ ሰውየው፣ ቆርቆሮው ትከሻው ላይ እንዳለ።

«ጠላዬን አትወንጅል» አሉ ሚስታቸው። «ሌላውም ጠጥቷል፤ መጥረቢያ ያነሳ ግን የለም።»

ጣራ የተሸከሙት ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ጭቃ ሳቦካ ጭቃ በጭቃ እንደሆንኩ ቆሜ ቀረሁ። ግድግዳው ካልተቆረጠ ቤቱ አይሰፋም! ባክቴሪያዋም ለማደግና ለሁለት ለመከፈል ግድግዳዋን መቁረጥ አለባት። ዋናው ነገር የት እና መቼ የሚለው ነው።

«እትዬ፣ የባክቴሪያዋ ነገር ገባኝ» አልኳቸው የአጎቴን ሚስት።

«እሱ ይቆይሽና ጭድ አምጪ።»

መጽሐፉን እንደገና አነበብኩና ሰኞ የባክቴሪያዋን ግድግዳ ሰሌዳው ላይ ሣልኩት። ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች እንደ ማገር ተጋድመዋል፤ አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች እርስ በርስ ያስሯቸዋል። አንዱ ኢንዛይም ማገሩን ይቆርጣል፣ ሌላው ማሰሪያውን። መምህራችን እጃቸውን አጣምረው ሰሙኝና «ኢንዛይሙ እዚያው ግድግዳው ሥር ነው የሚውለው። ታዲያ ሁልጊዜ የማይቆርጠው ለምንድን ነው?» አሉ። ጓደኛዬ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንዳንዱን ኢንዛይም የራሱ አንድ ክፍል የሚቆርጥበት አፉ ላይ ተኝቶ ይሸፍነዋል» አልኩ። «ባክቴሪያዋ ልትከፈል ስትል ሌላ ፕሮቲን መሃሏ ላይ ይመጣና መሸፈኛውን ያነሳለታል። እዚያ ብቻ ይቆርጣል።»

«ሳይጠራ ቢቆርጥስ?»

«ውስጧ ያለው ግፊት ያፈነዳታል። እንደ አጎቴ ቤት በትከሻ የሚይዝላት ጎረቤት የላትም።»

ክፍሉ የአጎቴን ቤት ታሪክ ካልነገርሽን አለ፤ ነገርኳቸው። መምህራችን ስቀው ሲያበቁ «ለሳይንስ ቀኑ ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት ሥሪው፤ ከኋላ ያሉትም እንዲያዩት» አሉኝ።

ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «እሺ፣ አሸነፍሽ። ግን ማገር መሣል አትችይም፤ እኔ ነኝ የምሥልልሽ።»

ወረቀቱን ልንገዛ አብረን ወጣን።