ፋናዬ ቤት የታየችው ኬንያ

ፋናዬ በኬንያ ሞያሌ፣ ከኬላው ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ሆቴል አላት። ወላጆቿ ከደብረ ብርሃን መጥተው እዚሁ ነው የወለዷት። ከሰሜን የመጣ ሹፌር ስለ ኬንያ፣ ከደቡብ የመጣ ነጋዴ ስለ ሐበሻ ማወቅ የሚጀምረው ከእሷ ገበታ ላይ ነው፤ አብዛኛው እዚያው ይጨርሰዋል።

አምና ወንዱ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ጭነቱ ኬላ ላይ ተይዞበት እሷ ዘንድ ሰነበተ። ከግቢ እምብዛም አይወጣም። የተዋወቀው ኬንያዊ ከፋናዬ አማርኛ የለመደው ዘበኛዋ ጎሎ ብቻ ነው። ጎሎ ደግሞ ያን ሰሞን መንጋጋው አብጦ አፉን መክፈት አቅቶታል። ወንዱ “ደህና አደርክ?” ሲለው ራሱን ይነቀንቃል። “ናይሮቢ ሩቅ ነው?” ሲለው በእጁ ወደ ደቡብ ያሳየውና ዝም።

ወንዱ ብዙም ሳይቆይ ሊቅ ሆነ። አዲስ የመጡ ሹፌሮችን ምሳ ላይ ያስተምር ጀመር።

“ኬንያዊ ወሬ አይወድም፣ ቁጥብ ሕዝብ ነው። እኛን የጎዳን ምላሳችን ነው።”

“ወንድሜ፣ ሰውየው እኮ ጥርሱን አሞት ነው” አለችው ፋናዬ።

“አይ እትዬ፣ አብረሽ ስለምትኖሪ አይታይሽም። የእንግዳ ዓይን ነው የሚያየው።”

ለጎሎ አዝና ይሁን በወንዱ ተናዳ፣ በማግስቱ ጎሎን ክሊኒክ ወስዳ ጥርሱን አስነቀለችው። እብጠቱ በጎደለ ማግስት የወንዱ ጭነት ተለቀቀ። ጎሎም ማርሳቢት ያለች እህቱን ሊጠይቅ ፈልጎ ስለነበር ጋቢና ውስጥ ገብቶ አብሮት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ወንዱ ከማርሳቢት ደወለ። ድምፁ ደክሟል።

“እትዬ፣ ኬንያዊ ለካ ወሬኛ ነው።”

“ምን አደረገህ?”

“ከከተማው ሳንወጣ የአጎቱን ግመሎች በየስማቸው መቁጠር ጀመረ። ከዚያ የአጎቱ ሚስቶች መጡ። ሬዲዮ ብከፍት አጠፋብኝ። አንድ ቃል ጣልቃ ላስገባ ብል የት አግኝቼ! ሕዝቡ እንዳለ እንዲህ ነው።”

ጎሎ ከእህቱ ዘንድ ሲመለስ ፋናዬ መንገዱ እንዴት እንደነበር ጠየቀችው።

“ማማ፣ ሐበሻ ጨዋ ሕዝብ ነው” አላት። “ዝምተኛ ነው። ቁጭ ብሎ ይሰማል።”

ፋናዬ ከጠዋት እስከ ማታ ስታወራ የምትውል ሴት ናት፤ ጎሎም ስንት ዓመት ሙሉ ሰምቷታል።

“እኔስ?” አለችው።

ጎሎ በጥያቄው ግራ ተጋብቶ አያት።

“አንቺማ ኬንያዊ ነሽ።”

ወደ ማድ ቤት ገባች። ያን ዕለት ከወጡ ሥጋውን አብዝታ አወጣችለት።