የቅምሻው ጠረጴዛ

በ2010 ዓ.ም. ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነበር። በወልቂጤ የባህል በዓል ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ የገባሁት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት አናጺ ነበርኩ፤ ሰዉ የብረት አልጋ ሲመርጥ ሱቄን ዘጋሁ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ስቀመጥ እህል አልወርድ እያለኝ ከስቼ ነበር። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ አስቴር፣ "አባዬ፣ የዛሬ ዓመት መጥቼ እንዲህ ካገኘሁህ ይዤህ ነው የምሄደው" ብላኛለች። እኔ ደግሞ እሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ተጎልቼ የሰው ጣሪያ ስቆጥር አልውልም።

አስተባባሪያችን ጎረቤቴ መምህርት ትዕግሥት ነበረች፤ የጎንደር ልጅ ናት። ቢጫ ሰደርያ አልብሳ ቅምሻ ጠረጴዛ ላይ አቆመችኝ። ሥራው ክትፎና ቆጮ ለጎብኚ ማቅረብ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ጉርሻ ብቻ ብላ አስጠነቀቀችኝ።

እንግዳን በአንድ ጉርሻ መሸኘት እኔ አላደግኩበትም። በእንሰት ቅጠል ሞልቼ አቀረብኩ። እንግዳ ብቻውን ሲበላ ቆሞ ማየትም ነውር ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጋር አብሬ ቆረስኩ። ትዕግሥት ከሩቅ ስታየኝ ቆይታ መጣች።

"ጋሼ፣ ይሄ ስንተኛዎ ነው?"

"ለእንግዳው የመጀመሪያው ነው" አልኳት።

የቡታጅራ እንግዶች ሲደርሱ ክትፎው አልቋል። ትዕግሥት ፊቷ ጠቆረ። ከእንግዶቹ አንዱ ሐጂ ከድር የሚባሉ የበርበሬ ነጋዴ ነበሩ። ሰላምታ ሰጥተው፣ ሥጋው የክርስቲያን ስለሆነ ድሮም እንደማይበሉት ነገሯትና ቆጮውን፣ አይቡንና ጎመኑን ወደራሳቸው ሳቡ። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "አንተስ? ብቻዬን ልትተወኝ ነው?" አሉኝ። ከሳቸውም ጋር በላሁ።

በዓመቱ በዓል ምግብ ከማቅረቡ ሥራ ተነሳሁ። ትዕግሥት ጆግና ሳፋ አስይዛ እጅ አስታጣቢ አደረገችኝ። ማዕረግ መቀነስ መሆኑ ነው። ያስታጠብኩት ሁሉ ግን "ኑ እንጂ፣ አብረን" እያለ እጄን ይጎትታል። በሌላው ነገር ግትር ነኝ፤ በዚህ ግን ቶሎ እረታለሁ።

አስቴር የመጣችው በዚያ ቀን ነው። የሰደርያዬ ዚፕ ሆዴ ላይ አልዘጋ ብሎ ስታገል ደረሰች። ማን እያበሰለልኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሐጂ ለገበያ ሲመጡ እኔ ዘንድ እንደሚያርፉ፣ መምህርት እሁድ እሁድ ሳህን ይዛ እንደምትመጣ፣ የበዓሉ ጓደኞቼም ሳይጠሩ እንደሚገቡ ነገርኳት። አላመነችም። ለእራት ቤቱ ሞልቶ እሷ ራሷ መቀመጫ ስታጣና ጀሪካን ላይ ስትቀመጥ አመነች።

"በል እሺ አባዬ፣ እዚሁ ሁን" አለችኝ። "ግን ለሰው መቀመጫ ይኑርህ።"

አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ ለምትገቡት ልንገራችሁ፤ ይሄ ሥራ ደሞዝ የለውም። እኔ ያገኘሁበት አብሮኝ የሚበላ ሰው ነው፤ የበዓሉ ድንኳን ከተነቀለም በኋላ አልቀረም።

ከአስቴር እራት በማግስቱ ጠዋት የሱቄን በር ከፍቼ፣ መጋዜን ሞርጄ፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር መሥራት ጀመርኩ።