ፕሮግራሜ አንድ ያደረጋቸው ሁለት ኛማሎች

«አሁን ኮምፒውተርህ ልክ ሆነ፤ አንዳችን ብቻ ቀረን።»

ዛሬ ጠዋት ደቡብ ሱዳን፣ ሎሎጎ፣ ከስደት ለተመለሱ ሰዎች እህል የምናድልበት መስኮት ላይ ኛማል የምትባል ሴት በጠራ አማርኛ እንዲህ አለችኝ። ጋምቤላ ነው ያደገችው።

የተመላሾችን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ስምን፣ የአባትን፣ የአያትንና የልደት ቀንን እያመሳከረ ድጋሚ የተመዘገበውን የሚሰርዝ ፕሮግራም ጻፍኩ። አለቃዬ አጨበጨበልኝ።

ችግሩ፣ የተወለደበትን ቀን የሚያውቅ የለም። ዓመቱን በግምት፣ ቀኑን ጃንዋሪ አንድ ብለን እንሞላለን። አገሩ በሙሉ በአንድ ቀን የተወለደ ይመስላል።

የጎረቤቷም ስም ኛማል ነበር። የአባትና የአያታቸው ስም፣ የገመትንላቸው ዓመትም ሳይቀር ገጠመና ፕሮግራሙ ጎረቤቷን ሰረዛት። ሦስት ጊዜ መጥታ «ድርሻሽን ወስደሻል» ብዬ የመለስኳት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ጆንያ ማሽላ ሲካፈሉ ከረሙ። ጎረቤትየዋ የራሷን ለልጆቿ እየሰጠች ከሳች፣ ታመመች። ትናንት ቀበሯት።

«ይቅርታ» አልኳት።

«ይቅርታህን ተወው። ሦስት ልጆቿን መዝግብልኝ።»

ስማቸውን ጻፍኩ። የልደት ቀን ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ፎርሙ አያልፍም።

ለሦስቱም ጃንዋሪ አንድ ብዬ ሞላሁ።

መዝገብ ላይ የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ እስኪ ንገሩኝ፤ እናንተ እዚያ ሳጥን ውስጥ ምን ትጽፋላችሁ?