ዘፈኑ ገና አላለቀም

ኮሌታን አንድ ተራ ቀን ምን ያስከፍላታል ቢባል ሒሳቡ ይህ ነው፦ ሁለት አውቶቡስ፣ አንድ ጉልበት፣ ከዓይኗ ብርሃን ጥቂት፣ ልጇ ጠዋት ጠዋት ‹‹እማዬ፣ ዛሬ ቅሪ›› ስትላት ደግሞ የምትውጠው መልስ። ሸሚዝ ስፌት ቤቱ ውስጥ ኮሌታ የሚሰፋበት መኪና ላይ ከተቀመጠች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ስሟን ከደመወዝ ዝርዝሩ በቀር የሚያነሳው የለም። እሷም ‹‹ቁልፍ ቀዳዳ ከመባል ይሻላል›› ብላ ቅጽል ስሙን ተቀብላዋለች።

ለዚህ ሁሉ ቀኑ፣ ሲቀናት፣ የሚመልስላት አራት ደቂቃ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጨርቅ ቆራጩ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል፤ የድሮ ዘፈኖች ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ በስፌት ቤቱ ‹‹ባለ ሻንጣዋ›› የሚሏት ዘፈን ትመጣለች፤ በር ላይ የቆመች ሴት ሳታለቅስ፣ ይቅርታም ሳትጠይቅ መሄዷን የምትናገርበት። ከበሮው ከኮሌታ ፔዳል ጋር እኩል ይረግጣል። እሷ ግን ከሁሉ የምትወደው መጨረሻውን ነው። ግጥሙ አልቆ ሳክስፎኑ ብቻውን ሲቀር፣ ዘፋኟ ቃል በሌለው ዜማ እያንጎራጎረች ትመለሳለች፤ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል። በሬዲዮ ይህን የሰማ የለም። ሳክስፎኑ ገና ሲጀምር አስተዋዋቂው ‹‹ውድ አድማጮቻችን›› ብሎ ይገባበታል። ኮሌታ የምታውቀው ልጅ ሳለች ከአክስቷ ካሴት ነው፤ የካሴቱንም ክር ቴፑ ከበላው ስንት ዘመኑ።

አንድ ቀን አዲስ ተቆጣጣሪ መጣ። ሳምንት ሳይሞላው ሬዲዮውን ነቅሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት፤ ዘፈን እጅ ያዘገያል አለ። ኮሌታ እጅ የሚያዘገየው ዝምታ ነው ብላ ተከራከረችው፤ የሰፋችውን ቆጥሮ እንዲያይ ነገረችው። አልቆጠረም። እንዲያውም አፏን ካልያዘች ከመኪናዋ አንስቶ ክር ለቀማ እንደሚያስገባት አስጠነቀቃት። ክር ለቀማ ከተሰፋ ሸሚዝ ላይ ትርፍ ክር መቁረጥ ነው፤ የጀማሪ ሥራ።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ሲሆን ራሷ ጀመረችው። ድምፅሽ ጥሩ ነው የሚላት የለም፤ ልጇ እንኳ ‹‹እማዬ፣ ተረት ይሻላል›› ነው የምትላት። ግን ከበሮውን በፔዳሉ ስትመታው ቁልፍ ሰፊዎቹ ተቀበሏት፣ ከዚያ እጅጌ ሰፊዎቹ፣ ከዚያ መላው ክፍል።

የመጨረሻው ቃል ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቀጥ አሉ። ቆራጩ ልማድ ሆኖበት ‹‹ውድ አድማጮቻችን›› ቢል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለእነሱ ዘፈኑ የሚያልቀው እዚያ ጋ ነው፤ ሌላ ከየት ያውቃሉ?

‹‹ዝም በል አንተ፣ ገና አላለቀም›› አለች ኮሌታ።

ብቻዋን ቀጠለች፤ ቃል በሌለው ዜማ፣ ዘፋኟ ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ ላይ ትንፋሽ እየወሰደች። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ተቆጣጣሪው ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

‹‹ጨረስሽ?›› አላት።

‹‹ትንሽ ቀርቶኛል፣ ወንድሜ።››

እስክትጨርስ ቆመ። ምናልባት ቆሞ መስማቱን ራሱም አላወቀም።

ዛቻውን ግን አልተወም፤ በነጋታው ክር ለቀማ ገባች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ፈርሚ ሲሏት ከፊርማዋ በላይ ‹‹ዘፍኛለሁ። አንድም ኮሌታ ግን አልተጣመመም›› ብላ ጻፈችበት። አሁን በለቀማው ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉት አሥራ አንድ ሴቶች ዘፈኑን ከነመጨረሻው ያውቁታል፤ መጀመሪያ ያስተማረቻቸውም መጨረሻውን ነው። ተቆጣጣሪው ይሰማል፣ ያልፋል። የሴት ጉሮሮ ሶኬት የለውም።

ኮሌታ ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት። ሬዲዮ ጣቢያ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ሳክስፎኑ ብቻውን ሲቀር ማይክራፎኑን ተዉት። ሌሎቻችሁም ባለ ሻንጣዋ በታክሲም ሆነ በሱቅ ስትመጣ ወሬያችሁን ለአንድ ደቂቃ አቆዩላት። አጠገባችሁ ያለው ሰው አለቀ ብሎ ሊነሳ ሲል ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እጁን ይዛችሁ አስቀምጡት።