ሃራማኒስና የምራቱ አበቦች

ሂንመኒኬ ከተራራው አገር ማዳምፔ ወደሚባል የሜዳ መንደር በሙሽርነት ስትወርድ ከልብሷ ሌላ የያዘችው አንድ የአንቱሪየም ተክል ብቻ ነበር። ልብሷን ማንም ልብ አላለውም። ተክሉን ግን መንደሩ ሁሉ አየው። አውቶቡሱ ቆሞ ስትወርድ እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር፤ ቀዩ አበባ በሰም የተቀባ ይመስል በፀሐይ ያብረቀርቃል። እናቷ ከበረንዳዋ ላይ ነቅላ፣ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ የሰጠቻት ነው።

የባሏ ቤት ከጨው ሐይቁ ብዙም አይርቅም። ነፋሱ ከኮኮናት ዛፎቹ መካከል የሚያመጣው ሽታ፣ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የከረመ የኮኮናት ልጣጭ ሽታ ነው። አማቷ ሃራማኒስ ዕድሜውን የፈጀው በዚያ ሽታ ውስጥ ነበር። በወጣትነቱ ልጣጭ ሐይቁ ዳር ይዘፈዝፍ ነበር፤ ኋላም ከልጣጩ ቃጫ የሚፈለቅቀው ፋብሪካ ሲተከል እዚያ ገባ። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበታለች። ያለው አንድ ልጅ ሱመናዳሳ ነው፤ ሱመናዳሳ ደግሞ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ያድራል።

ሃራማኒስ ምራቱን አልወደዳትም። ጥላቻው ግን ከእሷ የመጣ አልነበረም። ኦዲሪስ የሚባል አብሮ አደግ ጓደኛ ነበረው፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ገና ድክ ድክ ሲሉ "የእኔ ወንድ ለአንተ ሴት" ተባብለው ነበር። ሱመናዳሳ መኪናውን ይዞ ተራራ ለተራራ ሲዞር ሂንመኒኬን አየ፤ የአባቱም ቃል እዚያው ቀረ። ኦዲሪስ ነገሩን ሲሰማ አልተሳደበም፣ አልጮኸም። በሩን ዘጋ፤ ዘግቶም ቀረ። ሃራማኒስ ጓደኛውን ማጣቱን በልጁ ላይ ማሳበብ አልሆነለትም። እንግዳዋ ላይ አሳበበ።

ፊት ለፊት አያናግራትም። ካሉ የተባለ ጥቁር ውሻ ነበራቸው፤ የሚፈልገውን የሚናገረው ለካሉ ነው። ሩዝ ቀርቦለት አንድ ጊዜ ጎርሶ፣ "ካሉ፣ ንገራት እስቲ፣ በዚህ አገር ጨው አልጠፋም" ይላል። ውሻው ጅራቱን ይቆላል። ሂንመኒኬ ጨው ታመጣለች። ጓዳ ገብታ ያለቀሰችበት ቀን ብዙ ነው፤ ቢሆንም ቀልዱ የገባት ዕለት ጓዳ ሆና ብቻዋን ሳቀች።

ተክሉ ግን ሊሞትባት ነበር። የግቢው አፈር አሸዋ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ አይዝም። ፋብሪካው ጀርባ ደግሞ ቃጫው ከተፈለቀቀ በኋላ የሚቀረው ቡናማ ብናኝ ተራራ አህሎ ተከምሯል፤ ያኔ ዘወር ብሎ የሚያየው ሰው አልነበረም። እሷ ዘንቢል ሙሉ አመጣች፤ ማሰሮ ውስጥ አድርጋ ተከለችበት። ለስላሳ ነው፣ እርጥበት ይይዛል፣ ደስ አላት። ብዙም ሳይቆይ የቅጠሎቹ ጠርዝ በእሳት የተለበለበ መስሎ ጠቆረ።

ሃራማኒስ ከሥራ ሲመለስ ማሰሮው አጠገብ ቁጢጥ ብላ አገኛት። አልፏት ሄደ። ጥቂት ራመድ ብሎ ቆመና ወደ ውሻው ዞረ።

"ካሉ፣ ይህቺ ልጅ እኮ አበባዋን ጨው ውስጥ ነው የተከለችው። ልጣጩ የሐይቁን ውሃ ሲጠጣ የከረመ ነው። ሳይታጠብ ምን ይሆናል?"

ሂንመኒኬ በነጋታው ብናኙን በርሜል ውስጥ ዘፈዘፈችው። ስትጨምቀው የወጣው ውሃ እንደ ወፍራም ሻይ ነው። ደፋችው፤ ደግማ ዘፈዘፈች፤ ደፋች። ውሃው እስኪጠራ አልተወችውም። አዲሱ ቅጠል ጫፉ ሳይጠቁር ወጣ።

ያን ሰሞን ከግብርና ጽሕፈት ቤት አንዲት ሴትዮ የመንደሩን ሴቶች ልታስተምር መጣች። ሂንመኒኬ ከእሷ የሰማችውን እስከ ዛሬ ትናገረዋለች። ብናኙ ውሃ እንጂ ምግብ የለውም፤ የታጠበ ሳህን ማለት ነው። ስለዚህ ማዳበሪያው በውሃ ቀጥኖ፣ ጥቂት ጥቂት እየተባለ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጠዋል። ስታጠጪም ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጪ፤ የተጠራቀመውን ጨው ይዞት ይወርዳል። በዚህ መንገድ አንዱ ተክል ልጅ እያወጣ ግቢውን ሞላው። ለሠርግ የሚገዛት መጣ፤ ከነጎምቦ ከተማ ሆቴሎችም ይልኩባት ጀመር። ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ቀን ደግሞ እንደ አገሩ ልማድ የመጀመሪያዎቹን አበቦች ለመንደሩ ቤተ መቅደስ ትወስዳለች።

ሃራማኒስ ፋብሪካ ውስጥ እንደ ቆመ የወደቀው በዚህ መካከል ነው። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን ከዱ። ያ ቀኑን ሙሉ ልጣጭ ሲሸከም የኖረ ሰው አልጋ ላይ ዋለ። ሂንመኒኬ ገንፎውን በማንኪያ ታጎርሰዋለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውጣል። በዱላ መነሳት ከቻለ በኋላም በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ከማየት በቀር የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ሱመናዳሳ በመጣ ቁጥር አባቱን እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ይህ ደግሞ ሽማግሌውን ይበልጥ ያንገበግበዋል።

አንድ ቀን ሂንመኒኬ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ እየተሸከመች በረንዳው አጠገብ ካለ ረጅም አግዳሚ ላይ ደረደረቻቸው፤ በቀኝ እጁ እንዲደርስባቸው ነው። ባልዲና የኮኮናት ቅል አጠገባቸው አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ ውሻውን ተመለከተች።

"ካሉ፣ ወገቤን አሞኛል። እስቲ ንገራቸው፣ አበቦቼን የሚያጠጣልኝ ሰው አጥቻለሁ።"

እሷም ወደ ጓዳዋ ገባች። ማምሻውን ስትወጣ ማሰሮዎቹ ሁሉ ከታች ይንጠባጠባሉ፤ ሽማግሌው ሽርጡ እስከ ጉልበቱ ርሶ እንዳልሰማ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ ማጠጣት የእሱ ሥራ ሆነ። ማዳበሪያው ግን አልዋጥለት አለ። ሂንመኒኬ በቀይ ባልዲ በጥብጣ ትሰጠዋለች፤ ባልዲው ባዶውን ይመለሳል። አበቦቹ ግን እየከሱ ሄዱ፤ ቅጠላቸው ገረጣ፣ አዲሱ አበባ እያነሰ መጣ። ምን እንደ ነካቸው ብታስብ ብታስብ አልመጣላት አለ። ኋላ ከበረንዳው ጎን ያለውን ሙዝ አየችው፤ ቅጠሉ የቤቱን ጣራ አልፎ፣ ግንዱ እንደ ምሰሶ ወፍሯል።

መጥታ አጠገቡ ቆመች። በዚያን ቀን ውሻው አልነበረም።

"አባባ፣ ይህ ሙዝ ዘንድሮ ምን በልቶ ነው?"

"ዝናብ" አለ ሃራማኒስ፣ ሐይቁን እያየ።

"ዝናቡ እሱ ላይ ብቻ ነው እንዴ የጣለው?"

የሽማግሌው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አመመው ብላ ደነገጠች፤ ለካ እየሳቀ ነው።

"በሕይወቴ ተክል እየተበጠበጠለት ሲበላ አይቼ አላውቅም" አለ። "መርዝ ነው ብዬ ነው። እነሱን ከሚገድል ሙዙን ይግደል ብዬ።"

"እርስዎስ እስኪሻልዎት በማንኪያ አልበሉም?" አለች ቀስ ብላ። "እነሱም የተቀመጡበት ቦታ የሚበላ የለውም። ከእጃችን ካላገኙ ከየት ያመጣሉ?"

ሽማግሌው ቀዩን ባልዲ በደህና እጁ ወደ ራሱ ሳበው። "እንግዲያው ነገ በጥብጪና አምጪው" አላት። የሚፈልገውን ለእሷው በቀጥታ ሲናገር የመጀመሪያው ይኸው ነበር።

ሂንመኒኬ ዛሬ አርጅታ የትኛው ጊዜ ይናፍቅሻል ብትባል፣ የወጣትነቷን አትጠራም፤ ከዚያ ቀጥለው የመጡትን ዓመታት ነው። ጠዋት ጠዋት ሃራማኒስ እያንዳንዱን ማሰሮ በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ ይመዝናል። የከበደውን "አንተ ጠጥተሃል" ብሎ ያልፈዋል፤ ለቀለለው ያፈስለታል። የላዩ መድረቅ አያታልለውም፤ ብናኙ ላዩ ደርቆ ሆዱ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሷ ሻይ አፍልታ ከዘንባባ ስኳር ቁራጭ ጋር ታመጣለታለች፤ እሱም ስኳሩን በጥርሱ ይዞ የድሮውን ያወራታል። ልጣጩ ጭቃ ተጭኖት ሐይቁ ውስጥ ወራት እንዴት እንደሚከርም፣ ሴቶቹ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው በዱላ ሲቀጠቅጡት እንዴት እንደሚዘፍኑ፣ እሱና ኦዲሪስ ደግሞ በታንኳ እያለፉ እንዴት እንደሚያበሽቋቸው። የኦዲሪስ ስም ላይ ሲደርስ ይቆምና ሻዩን ይጠጣል።

ከዚያ ድርቅ መጣ። ዝናቡ ቀረ፤ የሐይቁ ጨው ከመሬት በታች እየሰረገ የጉድጓዳቸው ውሃ ውስጥ ገባ። ለሰው መጠጥ በታንከር ከከተማ ይመጣል፤ ለአበባ ግን ማን ይሰጣል? የጉድጓዱን ውሃ ያጠጧቸው ማሰሮዎች ቅጠላቸው እንደ ገና ጠርዙ ይቃጠል ጀመር። በአካባቢው ውሃው ያልከፋ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ እሱም ኦዲሪስ ግቢ ውስጥ ነው። ሱመናዳሳ "እዚያ ደጅ እንዴት ብዬ እቆማለሁ?" አለ። ሂንመኒኬም ማንንም አልለመነችም። የባሰባቸውን ተክሎች እየለየች መጣል ጀመረች። ሃራማኒስ ስትጥል ያያታል።

አንድ ጠዋት ነጭ ሽርጡን አገልድሞ፣ ዱላውን ይዞ ወጣ። እንዳይወድቅ ፈርታ በሩቁ ተከተለችው። ቤተ መቅደስ የሚሄድ መስሏት ነበር። እሱ ግን በመንገዱ ታጥፎ ኦዲሪስ ደጅ ላይ ቆመ። ኦዲሪስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ኦዲሪስ።"

"ማን ነው?"

"እያየኸኝ ማን ነው ትለኛለህ?"

"ድምፅህን ረሳሁት።"

"ውሃ ፈልጌ መጣሁ።"

"ለመጠጥ?"

"ለአበባ።"

ኦዲሪስ ቀስ ብሎ ተነስቶ አጥሩ ድረስ መጣ። "ይህን ሁሉ ዘመን ኮርፈህ ለአበባ ስትል መጣህ?"

"የኮረፍከው አንተ ነህ። የመጣሁት ለልጄ ብዬ ነው።"

"ሱመናዳሳ ደግሞ መቼ ነው አበባ መትከል የጀመረው?"

"ወንዱን መቼ አልኩ" አለ ሃራማኒስ።

ሂንመኒኬ ከኮኮናቱ ግንድ ጀርባ ሆና ሰማች። እግሯ መሬት የረገጠ አልመሰላትም። ኦዲሪስም አሻግሮ እሷን አያት፤ ብዙ አያት። መቀርቀሪያውን እየሳበ፣ "የእኔዋ ልጅ እኮ ኩሩኔጋላ ሄዳ ወልዳ ከብዳለች፤ ነገሩን ከረሳችው ቆየ" አለ። "እኔና አንተ ነን ያልረሳነው። በይ ነዪ ልጄ፣ ባልዲሽስ?"

ባልዲ አልያዘችም ነበር። ሮጣ ሄዳ አመጣች።

ድርቁ እስኪያልፍ ከዚያ ጉድጓድ ተቀዳ። ጨው የገባበትን ማሰሮ በጥሩው ውሃ አትረፍርፈው እያጠጡ ከታች አስወጡት፤ ብዙው ዳነ። ኦዲሪስም ውሃዬ የት እንደሚገባ ልይ ብሎ አንድ ቀን መጣ፤ ከዚያ በኋላ መቅረት አቃተው። አግዳሚው አጠገብ ይቀመጥና ሃራማኒስን ይነቅፈዋል፤ ይኸኛውን አበዛህበት፣ ያኛውን ረሳኸው ይለዋል። ሃራማኒስም ቅሉን ያቀብለውና አንተው አጠጣ ይለዋል። ሂንመኒኬ ጓዳ ሆና ሩዝ እየለቀመች ጭቅጭቃቸውን ትሰማለች።

ሃራማኒስ የሞተው ዝናቡ ተመልሶ፣ አበባው ከበፊቱ በልጦ ባለበት ዓመት፣ ከሰዓት በኋላ በእንቅልፉ ነው። ኦዲሪስ ከቀብሩ በኋላም እየመጣ ተቀምጦ ይሄድ ነበር፤ እግሩ እምቢ እስኪለው ድረስ።

አሁን የአበባውን ሥራ የያዘችው የሂንመኒኬ ሴት ልጅ ናት። ለአበቦቹ ጥላ የሚሆን ጥቁር መረብ የለበሰ ትልቅ ቤት ሠርታለች። ብናኙ ታጥቦና ተጨምቆ እንደ ሸክላ ጡብ ሆኖ ይመጣል፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ውሃውንና ማዳበሪያውን ቀጫጭን ቱቦዎች በሰዓታቸው ያንጠባጥባሉ። አበቦቹ ድሮ ከነበሩት ይበልጣሉ፤ ሂንመኒኬ ይህን አትክድም። ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ያለውን አንድ ረድፍ ብቻ ቱቦ አታስገቡበት አለች፤ ተዉላት። ጠዋት ልጇ ለቁርስ ስትጠራት "እየመጣሁ ነው" ትላለች። አትመጣም። እርጥቡ ብናኝ ሲሸት ማሰሮዎቹን በቅል እያጠጣች እዚያው ትቆያለች፤ የመጨረሻው ማሰሮ ከሥሩ መንጠባጠብ ሲጀምር እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትገባለች።